የክንድ ልክ

በቶሌዶ ከተማ፣ ከወንዙ ወዲያ ማዶ፣
የካቲት ሌሊት ነው፣ በረዶ በበረዶ።
ከነዳጅ ማደያው ሱቅ ደጃፍ ላይ ያለ
ለስተር ፕሩት፣ ጣራ ሠሪው፣
የትራፊክ ቅጣት ሁለት ዓመት ያልከፈለ።

«በሕግ ተይዘሃል» አልኩት፤ እጁን ሰጠኝ፤
የካቴናው ብርድ በጓንቴ በኩል ወጋኝ።

ሳጅን ግራቦቭስኪ ያስተማረኝ መጣብኝ፣
ሰሌዳ ትቶ ነበር፣ በገዛ ክንዱ ነው የለካልኝ፦
«ስትይዢው ፈትሺ፤ ስለት እንዳይኖረው፣
ማስረጃም እንዳያጠፋ፣ እንዳይሰውረው።
ኪሱን፣ ቀበቶውን፣ ቆቡንም፣ ጫማውን፤
እጁ እስከደረሰ፣ ያ ነው ዳርቻሽ እንግዲህ።
ከክንዱ ወዲያ ግን፣ የተዘጋ ጓዳ፣
ዳኛ ካልፈረመ፣ አንቺ ነሽ እንግዳ።»

ዳበስኩት። ትከሻ፣ ብብት፣ ወገብ፣ ባት።
ሰው እንዲህ የሚዳሰስ በሐኪም ወይ በእናት።
እሱ ሰማይ ያያል።
ያገኘሁትን በመኪናዬ አፍንጫ ላይ ደረደርኩ፦
የጣራ ምስማር፣ ሰባት።
የተጣጠፈ የአምስት ዶላር ኖት።
ሜትር።
ግማሹ የተላሰ የሳል ከረሜላ።
ስልክ።
በናፕኪን የተጠቀለለ አንድ ትንሽ ነገር።

ትንሽ ጥቅል ስናይ ምን እንደምንጠብቅ
እሱም ያውቃል፣ እኔም።
ሕጉ ክፈቺው ይላል። ከፈትኩት።
ጥርስ።
የወተት ጥርስ፣ ሥሩ ላይ ደም የደረቀበት።

«የልጄ ነው» አለ፣ አሁንም ሰማይ እያየ።
«ሌሊት የምትመጣ ጥርስ ገዢ አለች ብለናታል።
ከትራሷ ሥር አንስቼ፣
ሳንቲም ልተካ ዝርዝር ፍለጋ ወጣሁ።»

ያኔ ስልኩ በብረቱ ላይ ተንቀጠቀጠ፣
«ሜቪስ» የሚል ስም ከመስታወቱ ፈጠጠ።
መያዝ እችላለሁ፤ መክፈት ግን አልችልም፤
ኪስ ውስጥ ይደር እንጂ፣ ውስጡ ኪስ አይደለም።
ጓዳ ነው፤ የአልጋ ሥር ነው፤
ያለ ማዘዣ የማይበረበር።
«ላንሳልህ?» ልለው አልኩና ተውኩት፤
እጁ የኋሊት ከታሰረ ሰው የሚገኝ እሺታ
ምን ያህል እሺታ ነው?
ጮኸ። ጮኸ።
የእሱ እጅ በብረት፣ የእኔ እጅ በፊደል ታስሮ
ጥሪው አለቀ።

ጣቢያ ስንደርስ ቅጹን ሞላሁ፦
ንብረት፦ ጥርስ፣ አንድ።
ከጎኑ «የዋጋ ግምት» የሚል ሳጥን አለ፤
ባዶውን ተውኩት።

በማግስቱ ዳኛዋ ቀጠሮ ሰጥታ ለቀቀችው።
ምስማሩን ቆጥሬ መለስኩ፣ ጥርሱን መለስኩ፣ ፈረመ።
«የአምስት ዶላር ዝርዝር አለሽ?» አለኝ።
አልነበረኝም።

አንዲት መስመር አልተላለፍኩም።
ግን አንዳንድ ሌሊት፣ ከተረኛነት ስመለስ፣
መብራት ሳላበራ ክንዴን እዘረጋለሁ፤
እስከ የት እንደሚደርስ
እለካዋለሁ።