ገላጣው ክንድ

ከቱሉ ዲምቱ በታች፣ ከክፍያው መንገድ አጥር፣
ምስር እዘራ ነበር፣ ጓያም ከምስሩ ሥር።
አሁን ቤት በቅሎበት፣ ነጭ ቆርቆሮ ለብሶ፣
እኔን ዘበኛ አርጎ እዚያው ቀጠረኝ መልሶ።

ዘበኛ ብቻ አይደለሁም፤ አይጥም እቀልባለሁ፣
ገለባ እቀይራለሁ፣ ሳጥናቸውን እጠርጋለሁ።
ሎሚቱ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤
"ጎተራ ሥር ወጥመድ ሲያጠምድ የኖረ ሰው
ዛሬ አይጥ በሚዛን ለክቶ ሊያጎርሰው!"
ብላ ለጎረቤት አዙራ አወራች።
አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ሰምቼ ነበር፤
ዳዋው ተመንጥሮ አለቀ፤ አይጧ ቀረች፣ በቁጥር።

ምግባቸው ሁለት ነው፤ በግራ ረድፍ ላሉት
ደረቅ እንክብል ነው፣ ገብስ ባቄላ ያለበት፤
ለቀኞቹ ግን ጉርሻ፣ ቅቤ የተለወሰበት፣
የረጋ ዘይት የጠጣ፣ ሳሙና የማይረታው ስባት።
ሁዳዴ ገብቷል ደግሞ። እኔ ምሳዬ ሱፍ፣
እነሱ ጢማቸው ወዝቶ፣ ቅቤ ያንጠባጠበ አፍ።
ከሥራ ስወጣ እጄን በአመድ እፈትጋለሁ፤
ሽታው ግን አይለቅም፤ ከቄሱ ርቄ እቆማለሁ።

ይህን የምታጠናው ትርሲት ናት፤ ገና ልጅ፣
መነጽሯ ግንባሯ ላይ፣ እርሳስ የማይለየው እጅ።
የገላን አናጢ ጠርታ፣ መስቀል አሠራች ከኮምፔንሳቶ፣
ከመሬት ከፍ ያለ፣ በአራት እግር ጸንቶ።
ሁለቱ ክንዱ ግድግዳ አለው፣ ጨለማ፣ መጠጊያ፤
ሁለቱ ገላጣ ነው፤ ጠርዝ ብቻ፣ የለው መደገፊያ።
አይጧን መሀል ታኖርና አምስት ደቂቃ ትቆጥራለች፦
ስንቴ ገላጣው ላይ ወጣች? ስንቴ ግድግዳ ሥር ተሸሸገች?

አሥራ ሰባት ቁጥር ነበረች የማውቃት፣
ጆሮዋ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለባት።
መጀመሪያ ሰሞን፣ ቅቤው ሳይጀመር፣ አንገቷን አስግጋ
ገላጣው ጫፍ ቆማ አየር ታሸት ነበር፣
እኔ በሬ ጠምጄ ጉብታው ላይ እንደምቆመው፣ ሲነጋ።

በስምንተኛው ሳምንት ከበደች፤ ሆዷ መሬት ነካ።
እኔን የገረመኝ ግን ክብደቷ አይደለም ለካ፤
ግድግዳው ሥር ገብታ፣ ጥጉን ተጠግታ፣
አምስቱን ደቂቃ ቀረች፣ አፍንጫዋን ደፍታ።

"ስቡ ነው" አለች ትርሲት፤ "አንጎል ድረስ ይደርሳል፤
ደፋሩን ያስፈራል፣ መንገድም ያስረሳል።"
እውነቷን ነው። በወተት ባደፈረስነው ገንዳ ሲዋኙ፣
ትናንት የቆሙበትን መቆሚያ ዛሬ አላገኙ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ ዋቅጅራ፣ የድንበር ጎረቤቴ፤
የካሳው ብር በገባ ሳምንት፣ ሥጋ ቤት ጎትቶኝ፣ ጮማ ያወረደ ባንጀቴ።
ዓመት ሙሉ በላ። ቃሊቲ፣ ገላን፣ ዱከም፣ ሥጋ ቤት ያልቀረው፤
ጠዋት ከእንቅልፉ የቢላዋ ፉጨት ነበር የሚቀሰቅሰው።
አሁን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ መጋረጃ ዘግቶ፣
ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለቴሌቪዥን ሰጥቶ፣
"በረንዳ ላይ ውጣ" ቢሉት፣ "ነፋስ አለ" ይላል።
ነፋስ! በነፋስ እህል ሲያዘራ የኖረ ሰው ነፋስ ይፈራል።

ትርሲትን ጠየቅኳት፦ "የሚያስፈራው ስቡ ነው ወይስ ሳጥኑ?"
እርሳሷን ነከሰች።
"ግራዎቹም በሳጥን ናቸው፤ ግን ደፍረው ይወጣሉ ወደ ብርሃኑ።"
መልሷ ልክ ነው። ወረቀቷም ልክ ነው።
ዋቅጅራ ግን ግራ ረድፍ የለውም።
መሬቱ ያልተወሰደ ዋቅጅራ፣ ጮማ ያልቀመሰ ዋቅጅራ
የት አለ፣ አጠገቡ አስቀምጠን የምናየው?

ትናንት ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ መብራት ሄደ።
ያለ ፈቃድ አሥራ ሰባትን አወጣሁ፤
እየዳበስኩ መስቀሉ መሀል አኖርኳት።
ጨለማው ሁሉንም ክንድ እኩል አደረገው።
ቆየች። እኔም ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ።
ከዚያ ጥፍሯ ኮምፔንሳቶው ላይ ሲጭር፣ ሲሄድ፣
ሲሄድ...

ጠዋት ለትርሲት ነገርኳት።
"በጨለማ የታየ አይመዘገብም፣ ጋሼ" አለችኝ።
"አላየሁም እኮ" አልኳት። "ሰማሁ።"