መዶሻና ጆሮ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚራ ጣቢያ ላይ
የፉርጎውን እግር በመዶሻ ስለይ፣
ደህናው ብረት ሲሆን እንደ ቃጭል ይጠራል፣
ስንጥቅ ያለበቱ ጉሮሮው ይዘጋል።
«ይሂድ» እላለሁኝ፤ ባቡሩ ይሄዳል።
የጅቡቲን ባሕር ግን አላየሁም።

አንቺም፣ ኢፍቱ ልጄ፣ ያው ዕጣ ደረሰሽ፤
በሰው አገር ሌሊት፣ መስኮት አልባ ክፍል፣ ማዳመጫ ደፍተሽ፣
የጠፈርተኞቹን ትንፋሽ እየቆጠርሽ
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ይሂድ» ስትይ ኖርሽ።
አንድ ሌሊት ብቻ፣ መርፌው «ደህና» ሲልሽ፣
ቧንቧው ሲያቃስት ሰምተሽ
«አይሄድም» አልሽ።

ትናንት ደወልሽልኝ፤ «አባ፣ ተመረጥኩኝ፣
ከእንግዲህ ሌላ ሰው ነው የሚያዳምጠኝ።»
እልል ማለት ሲገባኝ
«ጆሮው ደህና ነው ወይ?» ብቻ ነው የወጣኝ።
ሳቅሽ። እኔ አልሳቅሁም።

ማታ፣ የደቻቱ ንፋስ አሸዋ ሲያነሳ፣
ሣር ወደዋጠው ሀዲድ ወረድሁ
መዶሻዬን ይዤ።
በጨለማ መታሁት። ጠራ።
ቀና ስል ከዋክብቱ እንደ ፉርጎ ተቀጣጥለዋል።
በልማዴ «ይሂድ» አልኩ፤
ቆየሁና አረምኩት፦
«ትሂድ።»