ገጽ ሠላሳ አራት

ብሎን ነው የምንሠራው፣ ከኒጋታ ተራራ ግርጌ፤
እኔ ግን ብረት አልነካም፣ ወረቀት ነው ማዕረጌ።
በየዓመቱ መጋቢት፣ ሒሳቡ ሁሉ ሲዘጋ፣
"ማኅበራዊ ኃላፊነት" በሚል ምዕራፍ ላወጋ
ካሜራ አንግቼ እዞራለሁ፣ ደግ ሥራ ፍለጋ።

ያን ዓመት በረዶ በዛ። ወጣቱ ከተማ ገብቷል፤
በየቤቱ አንድ አሮጊት፣ አንድ ሽማግሌ ቀርቷል።
ጣራው ላይ ሲቆለልባቸው፣ ወራጁ ሲያቃስት ሌሊት፣
ማን ወጥቶ ይዛቀው? ጉልበት የለም በዚያ ቤት።

ሥራ አስኪያጁ ሺባታ፣ ስብሰባ ላይ ሐሳብ መጣላቸው፦
"ከባሕር ማዶ የመጡ አሥራ ሁለት ሠልጣኞች አሉን፤ እኛ ሙያ እንስጣቸው፣
እነሱም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አካፋ ይዘው ይውጡ፤
መንደሩም ይያቸው እስቲ፣ ለምን እንደመጡ።"

"በጎ ፈቃድ" ብዬ ጻፍኩት፣ በማስታወሻዬ።
በጎነቱስ ነበር፤
ፈቃዱን የጠየቀ ግን አልሰማሁም በጆሮዬ።

ዋህዩዲ የሎምቦክ ደሴት ልጅ ነው፣ አባቱ ዓሣ ነጋዴ፤
በረዶ እዚያ በኪሎ ይገዛል፣ በዱቤም አንዳንዴ።
"ይሄን ሁሉ ማን ከፈለበት?" አለኝ ሽቅብ እያየ።
ሳቅኩ። ጥያቄው ግን
ከሳቄ ይልቅ ቆየ።

የወይዘሮ ቶኪዬ ጣራ ደረሰው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው።
እንደ ገለባ ሲበትነው አይተው፣ በመስኮት ጮኹበት፦ "ተው!
እንደ ሳሙና ቁረጠው፣ አራት ማዕዘን አድርገህ፤
ከጫፉ ጀምር፤ ከላይ ከነካኸው ይዞህ ይወርዳል፣ ቀብሮህ!"
ይህ ትምህርት በሥልጠና ሰነዳችን የለም።

ፎቶዬን አነሳሁ፦ አካፋ፣ ፈገግታ፣ ዓርማችን ያለበት ካፖርት።
አሥራ አምስት ደቂቃ። ከዚያ መኪናዬ ገባሁ፤
በርዶኝ ነበር፣ እውነት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን፣ ዘግይቼ ነው የሰማሁት፦
ልጁ ከፈረቃ ሲወጣ ጎራ ይላል፣ በየምሽት፤
አምፖል ይቀይራል፣ የምድጃውን ጋዝ ያወጣል፣
በመድኃኒታቸው ብልቃጥ ላይ ፊደላችንን ይቆጥራል።
በሰዓት ድምሩ አልገባም፤ መዝጋቢ አልነበረበት።

በግንቦት ውሉ አለቀ። ሄደ።
ሪፖርቱ በነሐሴ ወጣ፣ በሚያብለጨልጭ ወረቀት፤
አንድ ቅጂ ለወይዘሮ ቶኪዬ ላክን፣ "ለትብብርዎ" የሚል ካርድ አክለንበት።

በሳምንቱ ተመለሰ፣ በዚያው በፖስታችን ታሽጎ።
ገጽ ሠላሳ አራት ላይ፣ "ሠራተኞቻችን በመንደሩ" ያልኩትን በእርሳስ ሰርዞ፣
ከበላዩ አንድ ስም ተጽፏል፦ ዋህዩዲ፤
በእሱ አገር ፊደል፣ ገና እንደሚለምድ ሕፃን፣ መስመሩ ወጣ ገባ እያለ።
ከሥሩ ደግሞ በእኛው ፊደል፦
"ፎቶው የተነሳው ሳይማር ነው። እጁ ያለቦታው ነው የዋለ።
በኋላ አስተካክሏል፤ ያየሁ እኔ ነኝ።
እባካችሁ ይታረም።"

ሪፖርታችን የእርማት ገጽ የለውም።
ጠየቅኩ። ሺባታ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው
ብዙ አዩት፤ እጁንም፣ አካፋውንም።
"ስሙ ሲነበብ እንዴት ነው?" አሉኝ።
ነገርኳቸው። አንዴ ሞከሩት፣ ተሳሳቱ። ደገሙት።
ውጭ ኅዳር ገብቷል፤
የተራራው ጫፍ ነጭ ነው።