ግማሽ ክፍል

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከፖስታ ቤት ማዶ፣
አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ሕንጻው ሌሊት ባዶ።
ከፊቴ ጥቁር መስኮት፣ አረንጓዴ ፊደል፤
ውስጡ የሰው ጡረታ፣ የሰው ላብ፣ የሰው ዕድል።
ሥራዬ ማዛወር ነው፣ ካሮጌው ወደ አዲሱ፤
ቁጥርን እንደ ሸክላ ዕቃ ሳይሰበር ማድረሱ።

ያኔ ቦታ ወርቅ ነው፤ ማሽኑ ጠባብ፣ ድሃ፤
አንድ ክፍል ለአንድ አሃዝ፦ የበረሃ ውሃ።
ስለዚህ ባንዲት ባይት ሁለት ሁለት አጨቁ፣
አራትና ዘጠኝ ትከሻ ለትከሻ ዘለቁ።
እኔም ያደግሁት እንዲያው ነው፣ ዶሮ ማነቂያ፤
ወዲህ እኛ፣ ወዲያ እነ ትብለጥ፣ አንሶላ መለያ።

በመደዳው ጫፍ ያለች ግማሽ ክፍል ብቻ
የዘበኛው ናት፤ የሀብትና የዕዳ ዳርቻ።
ያለኝ ነው ያለብኝ? የሚመልስ እሱ፤
እሱ ካንቀላፋ ባለዕዳው ጌታ ነው፣ ጌታው ባዶ ኪሱ።

ነጥቡስ?
ነጥቡ የትም አልተጻፈ፤
ሁሉም ያውቀው ነበር፣ በቃል ነው ያለፈ።
«ከበየነ ሱቅ ኋላ፣ ቧንቧው ጋ» እንደሚባል አድራሻ፣
ሰፈሩ ሲነሳ የሚጠፋ፣ የሌለው ማስታወሻ።

አዲሱ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፤ ለእያንዳንዱ አሃዝ የራሱ በር፤
ግማሹ ግን ባዶውን ያድራል፤ ጎረቤት እዚያ ነበር።
ዘበኛም ክፍሉን ተቀምቶ፣
በመጨረሻው አሃዝ ጫንቃ ላይ ሊያድር።
ከጠበበው ደግሞ፣ ልኩን ካልሰጠሁት፣ ማሽኑ ዝም ይላል፤
ከግራ ይቆርጥና፣ ሚሊዮኑን ጥሎ ሳንቲሙን ያድላል።

በመስኮት ሳይ፣ ከታች፣ ገልባጭ መኪና ያልፋል፤
የጫነው ግድግዳ ሰማያዊ ቀለሙ መንገድ ላይ ይረግፋል።
የማን መኝታ ቤት ነበር?

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ፕሮግራሜ ቆመ፤
አንዲት ስም ላይ ተሰናክሎ ስህተቱን ደጋገመ።
እልፍነሽ ዘለቀ። ጡረታ ተቀባይ።
የቁጥሯን ቦታ ገልጬ አየሁት፤
ዜሮ እንኳ የለም እዚያ ላይ።
ስሟ እልፍ፣ ሒሳቧ ባዶ።

«ዜሮ አርገሽ እለፊው» ፍሬሰንበት በስልክ አለኝ፤
«ካርባ ሺህ አንዷ ናት፤ ጠዋት ሪፖርት አለኝ።»

ጣቴ ዜሮዋ ላይ ነው፤ ቀላል ነው መንካቱ።
ግን ጋሽ ሽብሩ፣ ይኼን ኮድ የጻፈው፣
ትዝ አለኝ ትምህርቱ፣
መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ፦
«ልጄ፣ ባዶና ዜሮ አንድ ይመስሉሻል፤
ዜሮ ተቆጥሮ የታጣ ነው፣
ባዶ ግን ሳትቆጥሪው አምልጦሻል።»

ወረድኩ ምድር ቤቱ፣ በስልኬ መብራት፤
መዝገቡን አገኘሁት፤ ግማሹ የአይጥ እራት።
ከስሟ ትይዩ፣ በእርሳስ፣ እጁ የቸኮለ፦
«መብራት ጠፋ። ነገ ይሞላ።»
ያ ነገ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እስካሁን አልዋለ።

አድራሻ የሚለው ላይም ያው ቃል ነው፦
ከበየነ ሱቅ ኋላ፣ ቧንቧው ጋ።
ማሽኑን እንደቆመ ትቼው፣ ሽቅብ ወደ ፒያሳ፣ ሲነጋጋ፣
ሄድኩ። ሱቅ የለም። ቧንቧ የለም። ቆርቆሮ አጥር፣ አዲስ አስፋልት፣
እና በአጥሩ ጫፍ፣ እግር በማታስዘረጋ የቆርቆሮ ቤት፣
አንድ ዘበኛ፣ ካፖርቱን እስከ ጆሮው የለበሰ።
ስሟን ነገርኩት። ዝም አለ። ጣቱን ወደ አፈሩ ቀሰረ፣ መለሰ፦

«እልፍነሽ?
እልፍ ሰው ነበር እዚህ።
የምትፈልጊያት አለች ነው፣ ወይስ ነበረች?»

ፍሬሰንበት ደጋግሞ ይደውላል።
ፕሮግራሙን እስካሁን አላስነሳሁትም።