ሦስት ደቂቃ

መኪናውን አውጥተው በረዶ ላይ አቁመው፥
የእሳት አደጋ ጣቢያውን ለክርክር ጠርገው፥
ሰማንያ ወንበር ከየቤቱ ለቅመው፥
ደወሉን ለእኔ ሰጡኝ፥ “ቀላል ነው” ብለው፤
ለድሃም ለሀብታም ሦስት ደቂቃ መስፈር፥
ሲሞላ መደወል፥ ሥራዬ ይኸው ነበር።

ከተማችን ትንሽ ናት፤ ነብራስካ ሜዳ ላይ
አንድ የእህል ጎተራ ከሩቅ የሚታይ፥
አንድ የመንገድ መብራት፥ ቁምም ሂድም የማይል፥
ቢጫውን እያርገበገበ “ተጠንቀቅ” ብቻ የሚል።
ጦርነቱ ሩቅ ነው። በካርታ ስንፈልገው
የጣታችን ጫፍ አገሩን ሸፈነው።

መጀመሪያ የተነሣው አርሊስ ኮፔትስኪ ነው፥
ከሌላ ጦርነት ባንድ ጉልበት የተመለሰው።
“ድልድይ ሠራን” አለ። “አፈረስነው። ደግመን ሠራነው።
ከወዲያ ማዶ ማን እንደሚኖር ግን የጠየቀ የለም።
እኔም አልጠየቅሁም።”
ተቀመጠ። ደቂቃ ተኩል ተረፈው፤
የተረፈ ጊዜ ለማን እንደሚሰጥ አላውቅም።

“ካልሄድንባቸው ይመጡብናል!” አለች ዊልማ ትሮስት።
“እነማን?” አላት አንዱ ከኋላ።
“እነሱ ናቸዋ!”
ሳቅ። ጭብጨባ። ደወል።

ከዚያ መርቪን ዛይቼክ፥ ቆቡን በእጁ እየጠመዘዘ፥
ልጁ ባለፈው መኸር ወደ ግንባር የታዘዘ፦
“ስልኬንም ይስሙት፥ ደብዳቤዬም ይታይ፤
ምን አለኝ የምሸሽገው ከልጄ ሕይወት በላይ?
ያላጠፋ ሰው መጋረጃ ምን ያደርግለታል?
እሱን ካተረፈልኝ ቤቴም ይበረበራል!”
አዳራሹ ተናወጠ። እኔም ደወሉን አስቀምጬ
አጨበጨብሁ፥ ከልቤ፥ ከወንበሬ ብድግ ብዬ።

የመጨረሻዋ ኦፓል ቫንደርዌይ ነበረች፥
የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
“ዝም በሉ!” እያለች ያሳደገችን።
ቆመች። መነጽሯን አወለቀች።
መርቪንን አየችው።
ማሞቂያው ተንኳኳ። ከጣሪያው በረዶ ተናደ።
አንድ ደቂቃ ሄደ።
“ተናገሪ እንጂ!”
“አልችልም።”
“ለምን?”
“ለምን እንደማልችል መናገርም አልችልም።”
ሳቁባት። አንዱ “ዝም በሉ!” ብሎ በድምፅዋ አሾፈ።
እሷ ግን ዓይኗን ከመርቪን አላነሣችም፤
እኔም ሰዓቴን እያየሁ
በሦስተኛው ደቂቃ ደወልሁ።

በሰባተኛው ዓመት ፍርድ ቤቱ እግዱን ሲያነሣ
ነገሩን ከጋዜጣ አነበብነው፥ እንደ ባዕድ ታሪክ።
በዚያ ዓመት ጥር ወር፥ ሁለት ሰዎች፥ ክራቫት ያሰሩ፥ ትሑት፥
ደብዳቤ ሰጥተዋት ነበር ከመደርደሪያዎቿ ፊት፦
እነዚህን መጻሕፍት ማን ተዋሰ? ስሙ ይምጣ፤
መጠየቅሽም ቢሆን፥ ለባል ለቄስ፥ ከአፍሽ እንዳይወጣ።
አልሰጠችም። ተሟገተች፤ በስሟ እንኳ አይደለም፥
በመዝገብ ቁጥር።
ሆድ ይፍጀው እንላለን፥ እንዲሁ፥ በዘልማድ፤
ሰባት ዓመት የተፈጀውን ሆድ ግን
ገልጦ ያየ ማነው?

መጻሕፍቱ ሦስት ናቸው፦ የዚያ አገር ካርታ፥
ስለ ወንዞቹ የተጻፈ አንድ ጥራዝ፥
ደግሞ ለተጓዥ የተዘጋጀ የቋንቋው መማሪያ።
የተዋሳቸው መርቪን ነው።
“ልጄን አይታችኋል?” እዚያ በምን ቃል እንደሚባል
ሊያውቅ ፈልጎ።

ጋዜጣው በወጣ ማግስት ቤቴ መጣ፤ በረንዳው ላይ ቆመ፤
ግባ ብለው አልገባም።
“ያን ምሽት ሰዓቱን የያዝኸው አንተ ነህ” አለ።
“ነኝ።”
“ስንት ደቂቃ ነው ያየችኝ?”
“ሦስት።”
“ሙሉውን?”
“ሙሉውን፥ መርቪን። እኔው ነኝ የሰፈርሁት።”