አንድ እግር ካልሲ

እሑድ ነው። የቺሎኤ ዝናብ፣ ያው እንደ ልማዱ፣
ሳይጠሩት መጥቶ ቆሟል ከመንገዱ።
እኛ የማዶ ሰዎች፣ የኪንቻኦ ደሴት፣
ዘንቢል ያንጠለጠልን፣ ወንዱ ከነሴት፣
ከጀልባው ስንወርድ የዳልካዌ ገበያ
ጭሱን እየተፋ ነቅቷል ከወዲያ።
ከዓሣ ሻጩ እግር ሥር አንድ ውሻ ተኝቷል፤
ሞኝ እንዳይመስላችሁ፣ አንድ ዓይኑን ገልጧል።

የመጣሁት ለካልሲ ነው። ግን ማን በቀጥታ
ገዝቶ ይመለሳል? መጀመሪያ ለሰላምታ፣
ቀጥሎ ለወሬ፣ ከዚያ ደግሞ ለመንካት፣
ላይገዙ ለመጠየቅ፣ ላይበሉ ለማሽተት።

ኤሌውቴሪዮ ድንቹን ደርድሮ በመልኩ፣
ጥቁሩን፣ ሐምራዊውን፣ ትንሽ ትልቁን በልኩ፣
እንደ ገዛ ልጆቹ አንድ ባንድ ይጠራል፦
"ይሄ 'የቄስ ጉልበት'፣ እሳት ሲያይ ይርዳል፤
ይሄ 'መርከበኛ ጣት'፣ ለሾርባ ይሆናል።"
"ይሄኛውስ?" አልኩት፣ ከጥጉ አንስቼ
ጎባጣ ጠማማውን፣ ጭቃውን ነክቼ።
"እሱ ስም የለውም፣ ዘንድሮ ነው ያየሁት፤
እስክትሄጂ ድረስ አንቺው ስም አውጪለት።"
አደራ ተቀብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከቅርጫት ሠሪው ጎን፣ ያስና፣ በአሥራ ሰባት ዕድሜዋ፣
የፈረሰ ቤት ጣራ ሳንቃ አድርጋ ሸራዋ፣
ጀልባ ትስላለች። ምስማር የነበረበት
ቀዳዳው ኮከብ ነው፣ ወይ የሩቅ ቤት መብራት።
ከዋናው ምድር የመጣ አንድ ጎብኚ ቆሞ፣
ግንባሩን ቋጥሮ፣ ሳንቃውን ተሸክሞ፣
"ሰማያዊ ባሕር የለሽም ወይ?" ቢላት፣
ከብሩሿ ቀና እንኳ ሳትልለት፣
"የመጣ ቀን እስለዋለሁ" አለችው።
ሰውየው ዞሮ ባሕሩን አየ።
ከዚያ የሷን አየ።
ሳይከራከር ከፈለ።

ራብ መጣ። የባውዲሊያ ወጥ ቤት ውሃው ላይ ነው፣
በእንጨት እግር የቆመ፣ ማዕበል የሚነካው።
አግዳሚው ጠባብ ነው፤ አንዱ ሰው ሲያስነጥስ
የአራት ሰው ሾርባ ነው አብሮ የሚፈስ።
መነጽር ያደረገ በእንፋሎት ታውሮ
ማንኪያውን ይፈልጋል ዳበሳ ጀምሮ።
ሚልካኦው ቀረበልኝ፤ የድንች ቂጣ ነው፣
ላዩ የደረቀ፣ ሆዱ ስብ ያዘለው።
ባርኔጣ ያላወለቁ አንድ አዛውንት ከጎኔ
ዛጎሉን ይመጡታል፣ ዓይናቸው ከኔ፣
ቅርፊቱን ይቆጥራሉ።
"አሥራ ዘጠኝ" አሉኝ። ማን ጠየቃቸው?
"ባለፈው ሃያ አንድ ነበር።" በጣም ከፍቷቸው።

ኦርፌሊና ጋ ስደርስ ሰዓት አልፎ ኖሯል፤
ጥንድ ጥንዱ ተሸጦ አንድ እግር ቀርቷል።
መንትያው ከመርፌዋ ገና ተረከዝ ነው፣
ጣት የሚባል የለው።
"ግራውን ውሰጂ" አለች፣ "ቀኙ ለሚመጣው እሑድ።"
"ባልመጣስ?"
እጇ አላረፈም፣ ክሩን እየሳበች፣
"ካልመጣሽማ ለኔ አንድ፣ ላንቺም አንድ" አለች፤
"እኩል ይብርደናል።"
የግማሽ ዋጋ ሰጠኋት፤ ሳትቆጥር ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

የዘጠኝ ሰዓቱ ጀልባ ጥሩምባውን ሲነፋ፣
እየሮጥኩ፣ ዘንቢሌ ከጉልበቴ ሲላፋ፣
ከኋላ ድምፅ ሰማሁ፦ "ስሙስ? ስሙስ?"
ኤሌውቴሪዮ ነው፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ።
"ግራ እግር!" አልኩት።
ይስማ አይስማ እንጃ፤ ሞተሩ ዋጠን፣
ባርኔጣውን ሲያነሳ ብቻ አየሁት።

ከመስኮቱ ጎን ተቀምጬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣
ግራውን አጠለቅሁ። ሱፉ ይኮሰኩሳል፣
በግ በግ ይሸታል፣
ግን እንዴት ይሞቃል!
ቀኝ እግሬ ዝናቡን አዝሎ ይጠብቃል፣
እንደ ታናሽ ወንድም፣ ተራው እስኪደርስ ኩርፍ ብሎ።

ኪሴን ስዳብሰው አንድ ነገር ጎረበጠኝ።
ድንቹ።
ስሙን አውጥቼለት፣ ዋጋውን ሳልከፍል፣
ይዤው መጥቻለሁ።