ቤት እንዲመታ

በቶሊዶ ችሎት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ዐቃቤ ሕጉ የቪዲዮውን ግጥም አነበበ፣
ከበሮው ተነቅሎ፣ እንደ መብራት ሒሳብ፦
«አረንጓዴ በርህን አውቃለሁ፣ ዛብሎኪ፤
እርምጃህን ቆጣሪ፣ ደጅህን ለኪ።»

ዳሪየን ተነሣ፤ ከረባቱ የአጎቱ ነው።
«ስሙን ያስገባሁት፣ ክብርት ዳኛ፣
ቤት እንዲመታ ነው።»

ፖሊሱ ከኋላ፣ ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ፣
የማንን ቤት? አለ በሆዱ።
የልጁን አልጋ ከመስኮት ያራቀው ሰኞ ነው።

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች፤
በሁለት ስንኝ መሃል ቃታ ፈለገች፣
አላገኘችም፤ አለመኖሩንም አላገኘች።
ለሐሙስ ቀጠረች።

ማታ ትንሿ ልጁ ጥርሷን እየቦረሸች
ያንኑ ዜማ ታንጎራጉራለች፤
ቃሉን አታውቀውም።
አባቷ በሩን ሁለቴ ቆልፎ፣
እግሩን ምቱን ሲከተል ያዘው።